ሦስት ጊዜ ተመርጦ ወንበር የተነፈገው ተወካይ፦ ከጆርጂያ አንድ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይሄን ጉዳይ

አሜሪካ ያለን ሰዎች ስለ ፖለቲካ ስናወራ ወሬው ሁሌ ዋይት ሃውስ ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ካልን ኮንግረስ። የስቴት ምክር ቤት የሚባለውን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ግን የትምህርት ቤት በጀት፣ የመንጃ ፈቃድ ሕግ፣ የድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት፣ የምርጫ ወረዳ ካርታ ሳይቀር የሚወሰነው እዚያ ነው። አትላንታና ዙሪያዋ ስንት ሐበሻ እንደሚኖር እናውቃለን። ዜግነት አግኝቶ ድምፅ መስጠት የጀመረውም ብዙ ነው። ስለዚህ እዚያው ጆርጂያ ውስጥ የተፈጸመ አንድ ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ልጽፈው ፈለግኩ።

ጉዳዩ የአንድ የስቴት ተወካይ ነው። ሰውየው በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመርጦ ወንበሩን አላገኘም። ሲያገኘው ደግሞ በምክር ቤቱና በሴኔቱ ሃያ ዓመት ሠራ። በመጨረሻ ወደ ኮንግረስ ልለፍ ሲል፣ ራሱ እንዲሠራ በታገለለት ወረዳ ተሸነፈ። ብዙ ሰው የሚያወራው የመጀመሪያውን ድል ብቻ ነው። እኔ ግን ድሉንም ሽንፈቱንም አንድ ላይ ካላየናቸው ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ተዋንያኑን በስም አልጠራም። ታሪኩ የአደባባይ ስለሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስም ሲገባ ግን ወሬው ስለ ዝና ይሆንና ነገሩ እንዴት እንደተሠራ ይረሳል። አንድ ሰው ብቻ ስሙን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም፣ እሱም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ወረዳው

በ1940 ቴነሲ ስቴት ናሽቪል ተወለደ። አያቱ በባርነት የተወለዱ ናቸው። አባቱ ግን የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የመሩት ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ የጋናው ክዋሜ ንክሩማ የተማሩበት ሊንከን ነው። ልጁ እንዲህ ካለ መጻሕፍት ከሞሉት ቤት ወጥቶ አትላንታ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ። እዚያ እያለ የጥቁር ተማሪዎች ንቅናቄ ተቀጣጠለ። ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው አቋረጠና ሙሉ ጊዜውን ለተማሪዎቹ የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ሰጠ። ዲግሪውን የያዘው ከዓመታት በኋላ፣ በ1971 ነው።

በኮሚቴው ውስጥ ሥራው የሕዝብ ግንኙነት ነበር። መግለጫ ይጽፋል፣ ለጋዜጠኞች ይደውላል። ሚሲሲፒና አላባማ ገጠር ውስጥ ማን ታሰረ፣ ማን ተደበደበ የሚለው ዜና ወደ ጋዜጦች የሚደርሰው በእሱ ጠረጴዛ በኩል ነው። ይሄን ያዙልኝ። በየቀኑ ቃላት መርጦ የሚጽፍ ሰው ነው። በኋላ ያዳነውም ይሄው ነው።

ወደ ምክር ቤት የሚወስደው በር የተከፈተው በፍርድ ቤት ነው። ጆርጂያ ውስጥ የተወካዮች ወንበር ይከፋፈል የነበረው በካውንቲ ነው። ጥቂት ሺህ ሰው ያለው የገጠር ካውንቲም የራሱ ተወካይ አለው። ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ያለበት የአትላንታ ካውንቲ ግን የሚገባውን ያህል አያገኝም። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስቴት ምክር ቤት ወረዳዎች በሕዝብ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው ብሎ ወሰነ። ካርታው ተቀደደና እንደገና ተሠራ። በ1965 ልዩ ምርጫ ተጠራ፣ አትላንታ ውስጥም ብዙ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው አዳዲስ ወረዳዎች ብቅ አሉ። ከነዚያ አንዱ ወረዳ 136 ነው።

ኮሚቴው ውስጥ ምርጫ መግባቱን ያልወደዱ ነበሩ። ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር ምን አገናኘን፣ እንበከላለን ብለው ተከራከሩ። እሱ ገባበት። ቅስቀሳው ቀላል ነበር። ጓደኞቹ ሚሲሲፒ ውስጥ የለመዱትን ሥራ አትላንታ ላይ ደገሙት። ቤት ለቤት ዞሩ። በር አንኳኩተው ምረጡን ከማለታቸው በፊት ምን ይቸግራችኋል፣ ተወካያችሁ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ያንን የሚጠይቀው አግኝቶ አያውቅም ነበር። መልሱ ሥራ፣ ደሞዝ፣ ቤት ነው። እሱም ቅስቀሳውን እዚያ ላይ አደረገ። ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፣ 82 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ።

ችግሩ እንዴት ተነሳ

ጥር 3 ቀን 1966 አላባማ ቱስኪጊ ውስጥ አንድ የሃያ አንድ ዓመት ጥቁር ተማሪ ተገደለ። ልጁ በባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሎ የተመለሰ ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ የነጮች የተባለውን ሽንት ቤት ልጠቀም በማለቱ በጥይት ተመታ። ለአገሩ ዩኒፎርም ለብሶ ያገለገለ ልጅ። ይሄን ሳነብ ሁሌ ደረቴን ይከብደኛል።

ከሦስት ቀን በኋላ ኮሚቴው በቬትናም ጦርነት ላይ መግለጫ አወጣ። መንግሥት ውጭ አገር ስለ ነፃነት ያወራል፣ እዚህ ግን ልጆቻችንን አይጠብቅም የሚል ነው። ለግዳጅ ውትድርና አንሄድም ለሚሉ ወጣቶች አዘኔታውን ገለጸ፣ በምትኩ ለሰብዓዊ መብት ሥራ ማገልገል ይቻላል አለ። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳን ያየ ሐበሻ ይሄ ጥያቄ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያም ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

መግለጫውን ተመራጩ አልጻፈውም። የዚያኑ ቀን ግን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደወለለት። ትስማማለህ ወይ አለው። እስማማለሁ አለ። ጦርነትን በጠቅላላ እንደሚቃወም፣ ይሄንንም እንደሚቃወም ተናገረ። ምክር ቤት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። ዝም አይነቅዝም የሚል መካሪ አጠገቡ ቢኖር ኖሮ አልሰማሁም፣ አላነበብኩትም ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ አላለፋትም።

ሰባ አምስት የምክር ቤት አባላት አቤቱታ ፈረሙ። ጠላትን ይረዳል፣ ለሕገ መንግሥት ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ቢምልም ከልቡ አይደለም አሉ።

ጥር 10 ቀን 1966 መክፈቻው ደረሰ። እኛ አገር ጥር 2 ቀን 1958 መሆኑ ነው። ሌሎቹ ተመራጮች ቆሙ፣ እጃቸውን አንስተው ማሉ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አስምሉኝ፣ መሐላውን እፈጽማለሁ ቢልም ጸሐፊው መጀመሪያ አቤቱታው ይታይ ብሎ አላስምልም አለው። የዚያኑ ቀን ጉዳዩን የሚሰማ ልዩ ኮሚቴ ተቀመጠ። የግዳጅ ውትድርና ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉ ልጆች ምን ታስባለህ ብለው ጠየቁት። የራሴን አላቃጥልም፣ የሚያቃጥሉት የሚመጣባቸውን እያወቁ ለእምነታቸው በመቆማቸው ግን ድፍረታቸውን አደንቃለሁ ብሎ መለሰ። ማንንም ሕግ ጣስ እንዳላለ ተናገረ። ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። 184 ለ12። ወጣ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፣ ጉዳዩ የሚያስተምረው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ አለመካድ ነው። ቃሉን ቢመልስ፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ ቢል ያስገቡት ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። የእኛ ሰው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል። እሱ ግን ወለምታ ነው ብሎም አላመነም። ያልኩትን ብያለሁ አለ። ይሄንን ሲያደርግ ግን ቃሉን አላጋነነም፣ አልጨመረበትም። በሬዲዮው ቃለ መጠይቅ፣ በምክር ቤቱ ልዩ ኮሚቴ ፊት፣ ከዚያም በኋላ የተናገረው ተመሳሳይ ነው። ቁጡ ወጣት በዚያ ሰዓት አንድ ከባድ ቃል ቢያመልጠው ለጠበቆቹ የማይፈታ ቋጠሮ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ክስ ነው። ወዲያው ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ። ከሳሾቹ ሦስት ናቸው፣ ተመራጩ ራሱና ሁለት የወረዳው ነዋሪዎች። ከሁለቱ ነዋሪዎች አንዱ ዶክተር ኪንግ ናቸው። ስማቸውን ልተው ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ኪንግ የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ከአንድ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ ክሱ ላይ ግን የገቡት እንደ ወረዳ 136 መራጭ ነው። ተወካዬን ከለከላችሁኝ ብለው። ይሄ አቀራረብ በጣም ጎበዝ ነው። ወንበሩ የልጁ ሳይሆን የመራጩ እንደሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ይናገራል።

ሦስተኛው አደባባይ ነው። ከተባረረ ከአራት ቀን በኋላ ኪንግ ሰልፍ እየመሩ ወደ ስቴቱ ካፒቶል ሄዱ። ሰልፉ ውሳኔውን አላስቀየረም። ወረዳው ግን ጉዳዩ የእሱ እንደሆነ እንዲሰማው አድርጓል።

ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ ፈረደበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰበራል። ጠበቆቹ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ አሉ።

አራተኛው እርምጃ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ገዥው ልዩ ምርጫ ጠራ። ይግባኙ ገና አልታየም። ኩርፊያ ይይዘዋል፣ የራሴን ወንበር እንደገና አልለምንም ይላል ብዬ እጠብቅ ነበር። ተወዳደረ። በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ምክር ቤቱ በዚያ ጊዜ ዝግ ስለነበር የምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጠርቶ ጠየቀው። ቃልህን ትመልሳለህ? አልመልስም። እንደገና ሳይምል ቀረ። ወንበሩ ባዶውን ከረመ።

በመስከረም የፓርቲው ማጣሪያ ምርጫ መጣ። አሸነፈ። ኅዳር 8 ቀን 1966 መደበኛው ምርጫ ተካሄደ። አሁንም አሸነፈ። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 10፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ሰማ። አስቡት እንግዲህ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ሰው ድምፅ ሰጪዎቹ ከሁለት ቀን በፊት ለሦስተኛ ጊዜ የላኩት ሰው ነው። የስቴቱ ጠበቆች ደግሞ ምክር ቤቱ የአባሉን መሐላ ከልብ መሆን አለመሆን የመመርመር ሥልጣን አለው ብለው ይከራከራሉ።

ውሳኔው

ታኅሣሥ 5 ቀን 1966 ውሳኔው ወጣ። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ነው የወሰኑት። ፍሬ ነገሩን በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ስቴቱ ተወካዮቹን ማስማል ይችላል። የምክር ቤቱ ብዙኃን ግን መሐላውን ሰበብ አድርገው የማይወዱት አስተያየት ያለውን ሰው ልብ ውስጥ ገብተው ሊመረምሩ አይችሉም። ተራ ዜጋ ሊናገረው የሚችለውን ተወካይም ይናገረዋል። እንዲያውም በወካይ መንግሥት ውስጥ ተወካይ ስለ ፖሊሲ ሐሳቡን ለመግለጽ ሰፊ ቦታ ያስፈልገዋል፣ መራጩ ማንን እንደላከ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ፍርድ ቤቱ የተናገራቸውን ቃላት አንድ በአንድ አየ። ድፍረታቸውን አደንቃለሁ ማለት ካርድ አቃጥሉ ማለት አይደለም፣ በዚህ ንግግር ማንም ሊቀጣ አይችልም አለ። መግለጫ ሲጽፍ የኖረ ልጅ ቃላቱን መዝኖ መናገሩ እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ።

ጥር 1967 ማለና ገባ።

ከገባ በኋላ

ፍርድ ቤት ወንበር ያስመልሳል። የሥራ ባልደረባ ግን አይሰጥም። ካስወጡት 184 ሰዎች ብዙዎቹ ያው እዚያው ናቸው። ረቂቅ ሕግ ለማለፍ አብላጫ ድምፅ ይፈልጋል፣ አብላጫው ደግሞ ፊቱን አዙሮበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቸኛ ነበር።

በአንጻሩ አገሪቱ በሙሉ አወቀችው። በ1968 ቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ከጆርጂያ ሁለት ልዑካን ቡድን ቀረበ። አንዱ የስቴቱ ባለሥልጣናት የመረጡት ነው፣ ሌላው ጥቁርም ነጭም ያለበት ተቃዋሚ ቡድን። እሱ የተቃዋሚው መሪ ከነበሩት አንዱ ነው። ጉባኤው ወንበሮቹን ለሁለቱ አካፈላቸው። እዚያው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠቆመ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ሠላሳ አምስት ይላል። ስለዚህ ራሱን አገለለ። በ1971 ደግሞ ሞንትጎመሪ ላይ የድሆችን የመብት ጉዳይ የሚይዝ የሕግ ማዕከል ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ የውጭ ሥራ ነው። ቤቱ ውስጥስ? እዚያም ሠርቷል። በ1975 ወደ ስቴቱ ሴኔት ተዛወረና እስከ 1987 ቆየ። በሁለቱ ምክር ቤቶች በነበረባቸው ዓመታት እሱ የጻፋቸው ከስድሳ በላይ ረቂቆች ሕግ ሆነዋል። ከነዚህ ውስጥ በጥቁሮች ላይ የሚበዛው የሲክል ሴል የደም በሽታ ምርመራ ፕሮግራምና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በትንሽ ወለድ የሚሰጥ የቤት ብድር ይገኙበታል። ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰው የነገራቸው ነገር፣ ማለትም ቤት፣ ከዓመታት በኋላ ሕግ ሆኖ ወጣ። የስቴት ፖለቲካ እንዲህ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

ትልቁ ሥራው ግን የካርታው ይመስለኛል። ከ1980ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ጆርጂያ የኮንግረስ ወረዳዎቿን እንደገና ስትከልል፣ እሱ አትላንታን የያዘው አምስተኛው ወረዳ 69 በመቶ ጥቁር እንዲሆን የሚያደርግ ረቂቅ አቀረበ። ሴኔቱ አሳለፈው። የተወካዮች ምክር ቤቱ እንቢ አለ። በመጨረሻ የወጣው ካርታ ወረዳውን 57 በመቶ አደረገው። በወቅቱ ሕግ ጆርጂያ ካርታዋን ዋሽንግተን ማስፈቀድ ነበረባት። በ1982 የፌዴራል ፍርድ ቤት ካርታው በዘር አድልዎ የተሠራ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። እንደገና ሲሠራ 65 በመቶ ሆነ።

ያልሠራው

በ1986 የአምስተኛው ወረዳ የኮንግረስ ወንበር ክፍት ሆነ። እሱ የስቴት ሴኔት ወንበሩን ትቶ ተወዳደረ። ሁሉም ያሸንፋል አለ። ስሙ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ታዋቂ ደጋፊ አለ። ዋናው ተፎካካሪው የጥንት ጓደኛው ነው። የዚያው የተማሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበረ፣ አብረው ስንት መከራ ያዩ፣ በዚያን ጊዜ የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው።

በማጣሪያው ምርጫ 47 ለ35 መራ። ሃምሳ በመቶ ስላልሞላ ግን ሁለቱ እንደገና መግጠም ነበረባቸው። በመስከረሙ ዙር 52 ለ48 ተሸነፈ። አብዛኛው የጥቁር ድምፅ የእሱ ነበር፣ የነጮቹ ድምፅ ግን በብዛት ወደ ጓደኛው ሄደ።

ለምን ተሸነፈ? ሰው ብዙ ይላል። እኔ ሁለት ነገር አያለሁ።

አንደኛው የበሩ ጉዳይ ነው። ተፎካካሪው ራሱን የሥራ ፈረስ፣ እሱን የትርኢት ፈረስ አድርጎ አቀረበ። ይሄ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው አልልም፣ ስድሳ ሕግ የጻፈ ሰው የትርኢት ፈረስ አይደለም። ግን ክሱ ተጣበቀ። ለሃያ ዓመት አገር ለአገር እየዞረ ንግግር ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ሰፈሩ ውስጥ ሩቅ ነው፣ ኩሩ ነው የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በ1965 ያስመረጠው የሰው በር ማንኳኳት ነው። በ1986 ጠዋት በማለዳ ሰው ዘንድ ሲሄድ የሚታየው ጓደኛው ነበር።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። በክርክር መድረክ ላይ ጓደኛው የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አብረን እናድርግ ብሎ ጠየቀው። እንቢ አለ። በመርህ ነው እንቢ ያለው። ሰው ያልተከሰሰበትን ነገር ንጹሕ ነኝ ብሎ እንዲያሳይ መገደድ የለበትም የሚል ነው። መርሁ ከ1966ቱ ጋር አንድ ነው፣ ልቤን አትመርምሩ እንዳለው ሰውነቴንም አትመርምሩ ማለት ነው። በ1966 ግን መራጩ እንቢታውን ገብቶታል፣ ምክንያቱም ጦርነቱ የራሱን ልጆች ይወስድ ነበር። በ1986 ዕፅ ሰፈሩን እያፈረሰ ነው፣ እናቶች ተማርረዋል፣ እንቢታው ለእነሱ የሚደበቅ ነገር መሰለ። ያው ሰው ነው፣ ያው አቋም ነው። ውጤቱ ግን ተገለባበጠ።

የሁለቱ ጓደኝነት ለዓመታት ቆስሎ ቆየ። እሱ ወደ ተመራጭነት አልተመለሰም። አስተማሪ ሆነ፣ ከ1998 እስከ 2010 የአገሪቱ ትልቅ የጥቁሮች መብት ማኅበር የቦርድ ሊቀ መንበር ሆኖ አገለገለ። በ2015 ነሐሴ ወር በሰባ አምስት ዓመቱ አረፈ። ጓደኛው በኮንግረስ ወንበሩ ላይ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2020 ቆየ። ያ ወረዳ በ1982 ባይታገልለት ኖሮ እንዲህ ዓይነት ወረዳ ላይኖር ይችል ነበር። ለራሱ ሳይጠቅመው ለሌላ የጠቀመ ሥራ ነው፣ ግን ሥራው ሥራ ነው።

ምን እንወስዳለን

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ቦታ የሚሆን ነገር ብዙ ነው። እኔ የምይዛቸውን ልጻፍ። ስለ ማኅበር ምርጫ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ቦርድ፣ ስለ ዕድርም ቢሆን ይሠራል።

ወንበር ስትነፈግ ወንበሩ የማን እንደሆነ አስቀድመህ ተናገር። ክሱ የእኔ መብት ተነካ ብቻ ቢል ኖሮ አንድ የተናደደ ወጣት ይሆን ነበር። መራጮቹ ከሳሽ ሲሆኑ ግን ወረዳው ሁሉ ተነካ። ኮሚቴ ውስጥ አንድ ሰው ያለአግባብ ሲባረር ብዙ ጊዜ ሰውየው ብቻውን ሲጮህ እናያለን። የመረጡት ሰዎች ናቸው ቀድመው መጮህ ያለባቸው።

ፍርድ ቤትና ምርጫ አንዱ ሌላውን አይተካም። ክስ ላይ ነን ብሎ ምርጫውን ቢተው ወንበሩን ሌላ ይይዘው ነበር፣ ጉዳዩም በዚያው ሊሞት ይችል ነበር። ምርጫውን አሸንፌያለሁ ብሎ ክሱን ቢተው ደግሞ ያው ኮሚቴ ያው በር ላይ ይመልሰው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬደ። ሰልፉ ለብቻው ምንም አላስቀየረም፣ ከሁለቱ ጋር ሲሆን ግን ሰውን አንድ ላይ አቆየ።

በሚያከራክር ነገር ላይ ስትናገር ቃልህን ምረጥ፣ ከዚያ አትቀይረው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቃሉን ሳይመርጥ በአቋሙ የጸና ሰው ጠበቃውን ያስጨንቃል። መርጦ ተናግሮ ነገ የሚክድ ደግሞ መራጩን ያሳፍራል። አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ተቀርጾ በሚቀመጥበት ዘመን ይሄ ይበልጥ እንጂ አያንስም።

እንቢ ማለት በየጊዜው አዲስ ማብራሪያ ይፈልጋል። ትናንት ያከበሩህ እንቢታ ዛሬ ያስጠረጥርሃል። መርሁን መተው አይደለም የምለው። እሱ በ1986 ምርመራውን እንቢ ማለቱ ስህተት ነው ብዬ አላምንም። ግን ያ እንቢታ በር ለበር መሄድ ነበረበት፣ ልጃቸው ዕፅ ውስጥ የገባባት እናት ሳሎን ቁጭ ብሎ ለምን እንዳለው ማስረዳት ነበረበት።

ምክር ቤት ውስጥ የሚሠራውን ለመለካት ማን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ብቻ ብለን አንጠይቅ። ካርታውን ማን ሠራው፣ ብድሩ ለማን ደረሰ፣ ምርመራው የትኛውን ልጅ አገኘው ብለን እንጠይቅ። ይሄ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። የጆርጂያ ምክር ቤት ጥር ላይ ይከፈታል፣ የሚቀመጠው በዓመት አርባ የሥራ ቀን ብቻ ነው። የሕዝብ መቀመጫው ለማንም ክፍት ነው። አትላንታ ያላችሁ አንድ ቀን ጎራ ብላችሁ የወረዳችሁ ተወካይ ምን ላይ እጁን እንደሚያነሳ እዩ።

ስትሄዱ ግቢው ውስጥ አንድ ሐውልት አለ፣ እሱንም እዩት። ይሄ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው ሲያባርር 1966 የመጀመሪያው አይደለም። ባርነት በተሻረ ማግሥት፣ በ1868፣ ሠላሳ ሦስት ጥቁሮች ለስቴቱ ምክር ቤትና ሴኔት ተመርጠው ነበር። ነጮቹ አባላት ጥቁር መምረጥ እንጂ መመረጥ አይችልም ብለው አብዛኞቹን አስወጧቸው። በ1870 በፌዴራል መንግሥት ትእዛዝ ተመለሱ። ሐውልቱ የእነሱ መታሰቢያ ነው። የቆመው በ1978 ነው፣ የእኛ ተወካይ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ሴናተር በነበረበት ጊዜ።